አባይ በረሃ ላይ መኪና ያስቆመ ጆሮ

እኛ ቤት «አመመኝ» አይባልም ነበር። ክልክል ነው ብሎ የነገረን ሰው የለም፤ ግን ማንም አይለውም። አባቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቤት ጣሪያ የሚሠሩ አናጺ ናቸው። ልጅ ሳለሁ ሚስማር መዳፋቸው ውስጥ ገብቶ በሌላው በኩል ብቅ ሲል አይቻለሁ። ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጉጠቱን አምጪልኝ»። እኔ እሪ ብዬ ስጮህ ደግሞ ቁጣው የወረደው በእኔ ላይ ነው። «ምን ያስጮህሻል? የተወጋሁት እኔ!»

ታዲያ እኔም በዚህ ኮርቼ አደግሁ። ትምህርት ቤት መርፌ ሲወጉን ሌሎቹ ሲያለቅሱ እኔ መርፌውን አፍጥጬ አይ ነበር። «የአባቷ ልጅ» ሲሉኝ ደረቴን እነፋለሁ። ይህ ኩራቴ አንድ ቀን ጆሮዬን ሊያሳጣኝ እንደሚችል ማን ይንገረኝ?

ነገሩ የሆነው ሞባይል በየሰው ኪስ መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። የዓሣና የሐይቅ ጥናት ተምሬ ተመርቄ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሐይቅ የሚያጠና ሰው ከላይ በጀልባ እየተንሳፈፈ ብቻ አይሆንም፣ ወርዶ ማየት አለበት ተባለና አየር የተሞላ ሲሊንደር ተሸክሞ ውኃ ውስጥ መጥለቅ የሚያስተምር ስልጠና ተገኘ። ቦታው ጅቡቲ ነው። ስድስት ሰዎች ተመረጥን፤ አምስቱ ወንዶች፣ ስድስተኛዋ እኔ። ዋና የለመድኩት አዲስ አበባ ስማር ገንዳ ውስጥ ነው፤ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሆኖም ፈራሁ ካልኩ ውሸት ነው፤ አልፈራሁም።

አሰልጣኛችን ጥቁር ቀጭን ሰው ነው፤ ብዙ አያወራም። አንዲት ነገር ግን በየቀኑ ይደጋግም ነበር። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ውኃው ጆሮን ይጫናል። ስለዚህ በየክንዱ ርቀት አፍንጫችሁን ያዙ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉ፣ ወይም ምራቅ ዋጡ፤ ጆሯችሁ «ጠቅ» ይልና ጫናው ይቃለላል። ጠቅ ካላለና ካመማችሁ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙ፣ ጆሯችሁን አመልክቱ፤ ትንሽ ወደ ላይ እንወጣለን፣ እንደገና እንሞክራለን። ሕመም ይዞ የወረደ ሰው ጆሮውን ይዞ አይመለስም፤ ይል ነበር።

ሰማሁት፤ ደብተሬም ላይ ጻፍኩት። በአራተኛው ቀን ግን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። የማደሪያው ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋብኝ ነው ያደረው። አፍንጫዬ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ልናገር ይሆን? ምን ሲደረግ! አምስት ወንዶች ባሉበት «ጉንፋን ይዞኛል» ብዬ ልቅር?

ወረድን። መጀመሪያ ላይ ጫን አለኝ፤ አፍንጫዬን ይዤ ብነፋ ወይ ፍንክች። ትንሽ እንደወረድን ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይወጋኝ ጀመር። አሰልጣኙ ፊት ለፊቴ ነው፤ ሁለት ጣቱን ቀለበት አድርጎ «ደህና ነሽ?» ይለኛል። እኔም «ደህና» ብዬ በእጄ መለስኩለት። በልቤ ውስጥ የአባቴ ድምፅ «ቻይው» ይለኛል። ቻልኩት። እየቻልኩት ወረድኩ፤ ወረድኩ፤ ከዚያ ጆሮዬ ጭው አለ።

ስወጣ አፍንጫዬን በሸፈነው የመጥለቂያ መነጽሬ ውስጥ ደም ነበር። አሰልጣኙ፣ ያ በዚያ ሁሉ ቀን ተቆጥቶ አይቼው የማላውቀው ሰው፣ እጄን ያዘና ፊቴ ላይ አወዛወዘው። «ይህ እጅ ለምንድን ነው የተሰጠሽ?» አለኝ።

እዚያው የወሰዱኝ የጆሮ ሐኪም ባትሪ እያበራ አየኝና ታምቡሩ አልተቀደደም፣ ግን ተቀጥቅጧል፣ ከጀርባውም ደም ቋጥሯል አለኝ። ውኃ ውስጥ መግባት ለስድስት ሳምንት የለም። አውሮፕላን የለም። አፍንጫ በኃይል መናፈጥ የለም። «በመኪና ሂጂ፤ ዳገት ብዙ አያስቸግርሽም፤ ቁልቁለት ላይ ግን ተጠንቀቂ። እንዳሁኑ አንድ ጊዜ ከቻልሽው ይቀደዳል። ከተቀደደ ለወራት ጨዋታው አበቃ።» የአፍንጫ ጠብታ ሰጥቶ ሸኘኝ። የስልጠናው ኃላፊም ቁርጡን ነገረኝ፦ የመጨረሻው ፈተና ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ጆሮሽ ድኗል የሚል የሐኪም ወረቀት ይዘሽ ከመጣሽ ትፈተኛለሽ፤ ካልመጣሽ ቦታሽን ተጠባባቂው ይወስደዋል። ያ ቦታ ለእኔ ምን እንደነበር ልናገር? በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

እናቴ በስልክ «ታመሽ ነው እንዴ ድምፅሽ?» ብላ ጠረጠረችና አባቴን አዲስ አበባ ድረስ ላከቻቸው። ከጅቡቲ በመኪና ዳገቱን ወጥቼ አዲስ አበባ ስገባ መናኸሪያው በር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የስንቅ ቋጠሮ ይዘው አገኘኋቸው።

«ጤና ነሽ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ አባባ።»

አለቀ። በዚሁ ወደ አውቶቡሱ ገባን። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ እንደተወተፈ ሆኖ ይሰማኛል፤ እኔ ግን ደህና ነኝ! በግራ በኩል ያለውን የመስኮት ወንበር ልይዝ ስል አባቴ እምቢ አሉ፤ እሳቸው መስኮቱ ጋ፣ እኔ በቀኛቸው። ሀገር ማየት ወደው ነው ብዬ ተውኳቸው።

ጎሃ ጽዮንን አልፈን አባይ በረሃን መውረድ ስንጀምር ከፊት የተቀመጡት ቄስ አማተቡ፤ ሰዉም ተከትሎ አማተበ። እኔ ደግሞ አፍንጫዬን ያዝኩ። የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ ምራቅ ስውጥ ጠቅ ይልልኝ ነበርና ደስ አለኝ። ከዚያ ጠቅ ማለቱ ቀረ። ጉንፋኑ አልለቀቀኝም ነበር። አንድ ኩርባ ዞርን፤ ጫን። ሌላ ኩርባ፤ ወጋ። ከሥሬ ገደል፣ ከፊት የጭነት መኪና፣ ሹፌራችን ደግሞ ዘፈን ከፍቶ ይነዳል። አንገቴን ወደ ትከሻዬ ደፋሁ።

«ምነው?» አሉ አባቴ።

«ጆሮዬን... አመመኝ።»

ይህን ቃል ለአባቴ ስናገር የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «ቻይው። ድልድዩ ደርሷል። ሰው ፊት ነው ያለሽው» አሉኝ።

ድልድዩ የት ደርሶ! ገና ግማሽ አልወረድንም። ያቺ «ቻይው» ግን ባሕር ውስጥ የሰማኋት ራሷ ናት፤ ያው ድምፅ፣ ያው ቃል። ስሰማት ደሜ ፈላ። ባሕር ውስጥ እጄን ማንሳት አቅቶኝ ጆሮዬን ቀጠቀጥኩ፤ አሁን ደግሞ ደረቅ መሬት ላይ፣ አፍ እያለኝ፣ ላስቀድደው? ብድግ አልኩ።

«ሹፌር! አቁምልኝ!»

«እዚህ? አባይ በረሃ ላይ?» አለ፣ በመስታወቱ እያየኝ።

«ሊያስመልሳት ነው! ፌስታል ስጧት!» አለ አንዱ። ረዳቱ ጥቁር ፌስታል እያርገበገበ መጣ።

«ጆሮዬን ነው ያመመኝ!»

«ኧረ በስመአብ! ጆሮ ደግሞ በፌስታል አይያዝ!» አለ ሌላው፤ አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዬ የተቀመጡ ወፍራም እናት ግን አልሳቁም። «ለጆሮ ብሎ መኪና ይቆማል? እኔ ምጥ ይዞኝ እንኳ ይህን በረሃ ዝም ብዬ ነው የተሻገርኩት!»

«እርስዎ ዝም ይበሉ እንጂ እኔ ዝም አልልም!» አልኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ምንም አላፈርኩም። አባቴ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ስበውታል። ያዳኑኝ ከፊት የነበሩት ቄስ ናቸው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ልጅቱ ተናግራለች፣ አቁምላት እንጂ!» አሉት ሹፌሩን።

ሰፋ ያለች ቦታ ሲያገኝ ዳር ይዞ አቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወተፈ። «አሥር ደቂቃ! ከዚያ በኋላ ጆሮሽን እዚሁ ትተሽው ትሄጃለሽ!» አለኝ ሹፌሩ።

ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጠብታውን አፍንጫዬ ውስጥ ጨመርኩና አሰልጣኙ እንዳስተማረን ወደ ላይ መሄድ አለብኝ ብዬ የመጣንበትን መንገድ ዳገቱን ተያያዝኩት። ሃምሳ እርምጃ ዳገት ለጆሮ የሚፈይደው ነገር እንደሌለ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ትምህርቴን መፈጸሜ ነበር። ባለ ምጧ እናት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ነይ እንቺ!» ብለው እፍኝ ሙሉ ቆሎ ሰጡኝ። «አኝኪ፤ መንጋጋ ሲሠራ ጆሮ ይከፈታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እያኘኩ፣ እየዋጥኩ፣ አፍንጫዬን ይዤ በቀስታ እየነፋሁ ወጣሁ።

አባቴ ወርደው ተከተሉኝ። በግራቸው ሆኜ «አይቆጡ አባባ፣ መኪናው ባይቆም እኮ ታምቡሬ ይቀደድ ነበር» አልኳቸው። ዝም። «ሐኪሙ ራሱ ነግሮኛል፤ ከተቀደደ ቦታዬም ይሄዳል» አልኩ። ዝም። አኩርፈዋል ማለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ኩሩ የሚላቸው በዚህ ነው፤ ሲጠሯቸው አቤት አይሉም። እኔም ብሽቅ አልኩና «አባባ!» ብዬ ጮህኩ። በድንጋጤ አንገታቸውን ሙሉ ወደ እኔ አዞሩ።

«በዚያኛው በኩል ነይ» አሉኝ።

«ለምን?»

«በዚህ አልሰማም።»

ቆምኩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «መግል ይቋጥራል። ያመኛል።»

ያመኛል! ይህ ቃል ከአባቴ አፍ ሲወጣ ስሰማ የራሴን ጆሮ ረሳሁት። የማለቅስ ይሁን የምቆጣ አላውቅም ነበር፤ ቁጣው ቀደመ። «ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

እውነት ነው፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ኩሩ ናቸው ብለን ተውናቸው እንጂ። እኔ ልጃቸው በግራቸው ቆሜ ያወራሁት ስንቱ ነገር ነፋስ እንደወሰደው ቆጥሬ አልጨርሰውም። ያን ጊዜ የማውቀውን አንድ ነገር አደረግሁ፤ አሰልጣኝ ሆንኩ። «እንግዲያው አፍንጫዎን ይያዙ፣ አፍዎን ይዝጉ፣ ቀስ ብለው ይንፉ» አልኳቸው። ጣሪያ የሚሠሩበት ትልልቅ ጣታቸው አፍንጫቸውን ያዘ። ነፉ። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ንፋሱ እኮ በጆሮዬ ወጣ!» አሉ።

ጠጋ ብዬ በግራቸው ሰማሁት፤ እንደገና ሲነፉ ከጆሯቸው ፉት የምትል ቀጭን ድምፅ ወጣች። ያ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እኔ አውቅ ነበር። ታምቡራቸው ቀዳዳ ነው። ሐኪሙ «ከቻልሽው ይቀደዳል» ብሎ ያስፈራራኝ ነገር አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ችሎት የኖረ ሰው። እዚያው መንገዱ ላይ አለቀስኩ። ሳለቅስ ምራቅ ዋጥኩ መሰለኝ፣ የእኔ ጆሮ ጠቅ አለና ተከፈተ።

ስንመለስ ሰዉ በመስኮት እያየ «ተከፈተ?» ይለኛል። «ተከፈተ!» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ዘፈኑን ዘግቶ ቀስ ብሎ ይነዳ ጀመር፤ በየኩርባው «ጆሮ! እንዴት ነው?» ብሎ ይጣራል። እኔም ከወንበሬ «ደህና ነው!» ስል፣ መንገደኛው በአንድ ድምፅ «ውረድ!» ይለዋል። እንዲህ እያልን ድልድዩ ላይ ደረስን። ደጀንን ስንወጣ፣ አምበርን ስናልፍ አንድም ጊዜ አላመመኝ። አባቴ ግን እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ በተራቸው አፍንጫቸውን እየያዙ ሲነፉ ነበር። ከለከልኳቸው፤ አልሰሙኝም። ያን ቀን እንኳ መስማት ይችሉ ነበር፤ በቀኛቸው ነበርኩ።

እናቴ ጤና አዳም ቀጥቅጣ፣ ቅቤ አሙቃ ጠበቀችኝ። «ጆሮ ውስጥ ጠብ የሚል ነገር የለም!» ብዬ በር ላይ ተጣላኋት። «ለእኔም ሆነ ለአባባ!»

«አባትሽ ደግሞ ምን ሆነ?»

ነገርኳት። ቅቤውን ይዛ ቆመች። ከዚያ አባቴን እያየች «ያን ሁሉ ምክሬን በግራ በኩል ነው የጨረስኩት በለኛ!» አለችና በሳቅ ወደቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደ። «እኔ እኮ የናቅኸኝ መስሎኝ ነው» አለችው። አባቴ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ስለነበር አንስተው አለበሷት።

በየጊዜው ከሌላ ከተማ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ የጆሮ ሐኪም ነበር። በሚመጣበት ቀን ወረፋ ይዘን አባቴና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የእኔ ጆሮ ጠርቷል፤ ታምቡሩ ሙሉ ነው፤ ወረቀቴንም ፈረመልኝ። የአባቴን ግን ሲያይ ቆየ። የጠፋው መስማት አይመለስም፣ ቁስሉ ግን ይድናል አለ። ውኃ እንዳይነካው መክሮ ጠብታ አዘዘላቸው። ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ መግሉ ደረቀ፣ ሕመሙም ጠፋ። ሠላሳ ዓመት የተቻለ ሕመም በአንዲት ብልቃጥ! አባቴ ብልቃጡን እያገላበጡ «ይቺ ናት?» ይሉ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ገብቶኝ ግን አያውቅም ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ወረቀቴን ይዤ ጅቡቲ ተመለስኩ። የፈተናው ዕለት ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ አፍንጫዬም ክፍት ነው። በየክንዱ ርቀት ጠቅ እያደረግሁ ወረድኩ። አምስቱ ወንዶች ከታች አሸዋው ላይ ተንበርክከው ይጠብቁኛል። ልደርስባቸው ትንሽ ሲቀረኝ ቀኝ ጆሮዬ ጫን አለኝ፤ ከዚያ ወጋኝ። ለአንድ አፍታ ፈራሁ፤ አሁን ባመለክት አሰልጣኙ ይጥለኛል፣ ይህ ሁሉ ድካም ገደል ገባ ብዬ። መዳፌን ዘረጋሁና አወዛወዝኩት፤ ጆሮዬን አመለከትኩ። አሰልጣኙ ክንዴን ያዘና አብሮኝ ትንሽ ወጣ። ጠበቀኝ። አንገቴን አዘነበልኩ፣ ዋጥኩ፣ ነፋሁ፤ ጠቅ። እንደገና ወረድን። አሸዋው ላይ ተንበርክኬ የታዘዝኩትን ሁሉ ሠራሁ፤ ስንወጣም አሰልጣኙ ስሜን ካለፉት ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ ላይ ጻፈው።

ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ደወልኩ። አባቴ ስልኩን አነሱት።

«አለፍኩ አባባ!»

«ጆሮሽስ? አመመሽ?»

«አዎ፣ መጨረሻ ላይ።»

«ተናገርሽ?»

«በእጄ ተናገርኩ።»

«ጎበዝ» አሉኝ። «እኔም ዛሬ ጣሪያ ላይ ሳለሁ ወገቤን ያዘኝና... አመመኝ ብዬ ወረድሁ።»

ስልኩን አጥብቄ ያዝኩ። «ታዲያ ሰዎቹ ምን አሉ?»

«ምንም» አሉ አባቴ። «ሻይ አመጡልኝ።»